ከብርድ ልብሱ በላይ

«ኔ፣ ኔ። ቦቨን? ኒማንት» አለች ሐምራዊት በስልክ፣ በሆላንድኛ።

የትነበርሽ ጣሪያው ሥር ባለችው ክፍሏ ተንበርክካ ፍራሿን እየጠቀለለች ነበር። ፊደል አልቆጠረችም እንጂ ጆሮዋ ደንቆሮ አይደለም። ኔ አይ፣ ቦቨን እላይ ማለት ነው። ኒማንትን ደግሞ ያስተማረቻት የልጅ ልጇ ረሆቦት ናት፤ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ቦርሳዋን ኮሪደሩ ላይ ወርውራ «ኒማንት ከእኔ ጋር አይጫወትም» እያለች ስታለቅስ። ማንም የለም ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ትናንት ማታ ጠረጴዛ ከበው የተስማሙት ይህንኑ ነው፤ ቤቱን ሊያይ የሚመጣው ሰውዬ ከጠየቀ እላይ ማንም አይኖርም፣ ዕቃ ማስቀመጫ ነው ይባላል ተብሎ። እንዲያውም ሐሳቡን ያመጣችው የትነበርሽ ራሷ ናት። ግን ነገር ጠረጴዛ ዙሪያ ሲመከርበትና፣ የወለድሻት ልጅ በጧት ተነሥታ፣ ጥርሷን እየፋቀች፣ ለማታውቀው ሰው እንዲያው እንደ ዋዛ ስትለው አንድ አይደለም። ትንሽ ብትንተባተብ ምን ነበረበት?

ቤቱ ሮተርዳም ከወንዙ ማዶ በደቡብ በኩል ነው። ከግራና ከቀኝ ጎረቤት ጋር ግድግዳ ተጋርቶ የቆመ ቀጭን የጡብ ቤት፤ ወደ ጎን የሚሰፋበት ቢያጣ ወደ ላይ የተሳበ። ታች ሳሎንና ወጥ ቤት፣ መሐል አንድ ደህና መኝታ ቤትና የረሆቦት አልጋ ከገባባት በኋላ በሯ እንኳ ሙሉ በሙሉ የማይከፈት ሌላ ክፍል፤ ከዚያ በላይ በኮርኒሱ ቀዳዳ፣ በሚታጠፍ መሰላል የሚወጣበት፣ ዞልደር የሚሉት የጣሪያ ሥር ክፍል። ቀና ብለሽ የምትቆሚው መሐሉ ላይ ብቻ ነው፣ ዳር ዳሩን በጉልበትሽ ነው የምትሄጂው። የትነበርሽ አራስ ልጇን ልትጠይቅ በሦስት ወር ቪዛ መጣች። ቪዛው ሲያልቅ ሐምራዊት ወደ ሥራ መመለሻዋ ደርሶ ነበር፣ ሕፃኗን የሚይዝላት አልነበረም፣ «ትንሽ ቆዪልኝ እማዬ» አለቻት። ያቺ ትንሽ ይኸውና ሕፃኗ ስምንት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ቆየች። የትነበርሽን ጌሜንተው አያውቃትም፣ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ማለት ነው። ሐኪም አያውቃትም። በሩ ላይ ከተለጠፉት ስሞች የእሷ የለም። የሚያውቋት ልጇ፣ አማቿ፣ የልጅ ልጇና የሐበሻ ሱቅ ባለቤቱ ናቸው፤ እሱም ቢሆን ስሟን ሳይሆን የምትገዛውን በርበሬ ነው የሚያውቀው።

ሰውየው እንዲመጣ ሰበቡ ራሷ ናት። ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ሙቀት የገባ ጊዜ ከመሰላሉ ስትወርድ ዓይኗ ጭልም አለባትና ኮሪደሩ ላይ ተዘረረች። ጣሪያው የሸክላ ክዳንና ከሥሩ ስስ ሳንቃ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ስትጠብሰው ትውልና ማታ ሌላው ሰው መስኮቱን ከፍቶ ነፋስ ሲቀበል እላይ ያለው እቶን ነው። ክረምት ደግሞ ጧት ስትነሺ ትንፋሽሽን ታዪዋለሽ፤ ከታች ካለው ማሞቂያ በወለሉ ሳንቃ ክፍተት ሾልኮ የሚመጣው ሙቀት ባይኖር ኖሮ ሴትዮዋ ይሄኔ ተቀብራ ነበር። የት እንደምትቀበርም አንድዬ ይወቀው። ሐምራዊት ያን ቀን የእናቷን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እርጥብ ፎጣ እየጫነችባት አለቀሰች። ሥራዋ የሽማግሌዎች መጦሪያ ነው። እዚያ ሙቀት ሲመጣ ለእያንዳንዷ አሮጊት ሰዓት እየጠበቁ ውሃ ማጠጣት፣ መጋረጃ መጋረድ፣ እግሯን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር ደንብ ነው፤ ያላደረገች ትጠየቃለች። ለራሷ እናት ግን ደንብ የለም።

ከዚያ በኋላ ነው ባሏ ፈቃደ ከጸሎት ቤታቸው ወሬ ይዞ የመጣው። ፈቃደ ወደብ ላይ መጋዘን ውስጥ ሌሊት ሌሊት የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው እንደ ጥርስ ተነቅሎ ነው። ጌሜንተው ቤታቸው ሙቀት ለሚያፈስባቸው ሰዎች ሱብሲዲ ይሰጣል፣ ድጎማ ማለት ነው፤ ሠራተኛ ልኮ ጣሪያውን በወፍራም ነገር ያስለብሳል፤ የለበሰ ጣሪያ ክረምት ይሞቃል፣ በጋ ይቀዘቅዛል አለ። በራሳቸው አቅም ቢሆን አይነኩትም ነበር። ብቻ አስቀድሞ አንድ ባለሙያ መጥቶ ቤቱን ከታች እስከ ላይ ያያል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ከዚያ ይፈቅዳል። ፎቶ ሲባል ሁሉም ወደ የትነበርሽ ዞሩ።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ?» አለቻቸው። «ለአንድ ቀን እጠፋላችኋለሁ። መጥፋት ለእኔ አዲስ ነገር ነው?»

እንግዲህ ዛሬ ቀኑ ደረሰ። የትነበርሽ ሥራ በግማሽ የምትሠራ ሴት አይደለችም። ፍራሹን፣ ብርድ ልብሱን፣ የልብሷን ሻንጣ፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያውንና ማራገቢያውን አንድ በአንድ አውርዳ በፈቃደ መኪና የኋላ ሣጥን አስጫነች። በምትካቸው የረሆቦትን የድሮ ጋሪ፣ የበረዶ ጎማ፣ ባዶ ካርቶኖችና እግሩ የተሰበረ ወንበር አስወጣች። መስቀሏን ያንጠለጠለችበትን ምስማር ነቀለችና ቀዳዳውን በጥርስ ሳሙና ደፈነችው። ዙሪያውን አየች። አሁንም ሰው ሰው ይሸታል። ወለሉ ለዓመታት በእጇ ተፈግፍጎ ሳንቃው እንደ መስተዋት ያበራል፤ ይህን የመሰለ ዕቃ ቤት የት አገር አለ? ወርዳ አቧራ ከሚስበው ማሽን፣ ከቫኩሙ፣ ከረጢቱን ፈታችና ይዛው ወጣች።

ፈቃደ ከሌሊት ሥራው ገብቶ ገና አልተኛም ነበር። በመሰላሉ ራሱን ብቅ ሲያደርግ አማቱ አቧራውን እንደ ዘር በእፍኟ እየበተነችው አገኛት።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«አቧራ እያለበስኩት ነዋ። ዕቃ ቤት ነው አላላችሁም? ፈረንጁ ሞኝ መሰለህ?»

«ኧረ በቃ፣ በጣም አበዙት።»

«አንተ ውረድና መኪናህን ከበሩ አርቀህ አቁም። የኔን ሥራ ለኔ ተወው።»

ፈቃደ ወረደ። እሷ ወደ ኋላዋ እየተሳበች፣ የራሷን የጉልበት ዱካ በሌላ እፍኝ እየሸፈነች እስከ መውጫው መጣች። መሰላሉ ላይ ቆማ ለመጨረሻ ጊዜ ስታየው ዞልደሩ ሰው ገብቶበት የማያውቅ ይመስላል። ደስ አላት። ሥራዋን ስታሳምር ሁልጊዜም ደስ ይላታል፤ ምን እያሳመረች እንደሆነ ያሰበችው ኋላ ነው።

ሐምራዊት በር ላይ የውሃ ጠርሙስ ሰጠቻትና ነጠላዋን አስተካከለችላት። «እማዬ፣ ጥላ ጥላውን ሂጂ። ሲወጣ እደውላለሁ። አንቺ እንዳትደውዪ።» ዓይን ለዓይን አልተያዩም። የትነበርሽ ስለ ስልኩ ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር፤ የልጇ አንገት ላይ ላቡ ሲንቆረቆር አየችና ተወችው።

ውጪው ነጭ ነው። ዛፍ በሌለበት መንገድ ጡቡ ከግራም ከቀኝም ይተነፍስብሻል። ሜትሮ ውስጥ ወንበር ቢኖርም አልተቀመጠችም፤ ተቆጣጣሪ ቢመጣ ለመውረድ የቆመ ሰው ይፈጥናል። ካርዷ የራሷ አይደለም፣ የሐምራዊት ነው። ከገበያ አዳራሹ ፊት ለፊት ወርዳ ለረሆቦት ኮክ ልትገዛ ፈለገችና ዋጋውን አይታ መለሰችው፤ በአንድ ኮክ ዋጋ አገር ቤት ዛፉን ከነግንዱ ትገዢዋለሽ። በአዳራሹ ውስጥ ቀዝቃዛ አየር ነበር፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ግን ሌሎች አሮጊቶች ቀድመው ሰፍረዋል፤ የሱሪናም፣ የቱርክ፣ የሆላንድ። ሁሉም ከየቤታቸው ሙቀት የሸሹ ናቸው። አንዷ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። የትነበርሽ በአንገቷ አመሰገነችና አልፋ ሄደች። ብትቀመጥ ታወራታለች፣ ብታወራት ከየት ነሽ፣ የት ነው የምትኖሪው ይመጣል።

አበባ የምትኖረው ከዚያ አለፍ ብሎ፣ ለአዛውንት ብቻ በተሠራ አዲስ ሕንፃ ውስጥ ነው። ከየትነበርሽ ጋር ቤተ ክርስቲያን ነው የተዋወቁት። አበባ ድሮ በስደት መጥታ፣ ራይስዋይክ በሚባል ከተማ ቢሮ ስታጸዳ ኖራ፣ ወረቀቷን ጨብጣ ጡረታ የወጣች ሴት ናት፤ ያላትን ነገር ሳታሳይሽ ውሃ አታቀርብልሽም።

«ጫማሽን አውልቂና ርገጪው እስቲ» አለቻት ገና በሩን ሳትዘጋ። «ወለሉ ነው የሚያቀዘቅዘው። ከሥሩ ውሃ ይሄዳል። ክረምት ሙቅ፣ በጋ ቀዝቃዛ። አንዲት ቁልፍ አልነካም።»

«በሰው ቤት ወለል ባዶ እግሬን ልሂድ?»

«አይበላሽም፣ ርገጪ!»

የትነበርሽ ረገጠች። ቅዝቃዜው ከውስጥ እግሯ ተነሥቶ በቁርጭምጭሚቷ፣ በጉልበቷ ወጣና ወገቧ ላይ ደርሶ አንድ ነገር ፈታላት። እዚያው ወለሉ ላይ ጋደም ብላ ጉንጯን ብታስነካው ወደደች። ፊቷን ግን አልለወጠችም።

«ደህና ነው» አለች። «ትንሽ ይቀዘቅዛል።»

«ትንሽ! አንቺ እኮ ገነት ብትገቢ በሩ ሲጢጥ ይላል ብለሽ ታማርሪያለሽ» አለች አበባና ሳቀች። የትነበርሽም ሳቀች። ብርቱካን ጭማቂ ጠጡ፣ የአዲሱን ቄስ ድምፅ አሙ፣ ስለ አበባ ጉልበት ቀዶ ሕክምና አወሩ። አበባ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ በአንድ ጣት ተጭና ከመስኮቱ ውጪ ያለውን መጋረጃ አወረደችው፤ ክፍሉ እንደ ምንጭ ዳር ደብዘዝ አለ። ከዚያ ድንገት፣ ብርጭቆውን እያየች፣ «ለመሆኑ እንዴት ይዘውሻል?» አለቻት።

«እነማን? ልጄ እኮ ናት።»

«ልጅሽ ስለሆነች ነው የምጠይቅሽ።»

የትነበርሽ የቀረውን ጭማቂ ጨለጠች። በሆዷ የያዘችው ሌላ ነገር ነበር፤ ሙቀቱ የባሰ እንደሆነ አንድ ሁለት ሌሊት እዚህ፣ እዚህ ወለል ላይ፣ ያለ ፍራሽም ቢሆን ብታድር። ቃሉን ምላሷ ላይ እያሟሸችው ሳለ አበባ ተነሥታ ብርጭቆዎቹን ማንሣት ጀመረች። «እዚህ እኮ ሰው ማሳደር አይቻልም፣ ታውቂያለሽ?» አለች ጀርባዋን ሰጥታ። «ከታች ያለችው ሴትዮ ወንድሟን አሳድራ ምን ያህል ጣጣ መጣባት መሰለሽ። ካሜራ አለ። ይቆጥራሉ።» ማንም አልጠየቃትም። ሳይጠየቅ ለተሰጠ መልስ ምን ይባላል? የትነበርሽ ጫማዋን አደረገች። «ማን ሊያድርብሽ ነው ደግሞ፣ ከዚህ በረዶ ቤት» አለቻትና ሁለቱም አንድ ጊዜ ሳቁ፤ ያ ሳቅ ከመጀመሪያው ያነሰ ነበር።

አበባ በር ድረስ ሸኝታት እየተመለሰች ሳለ የየትነበርሽ ስልክ ጮኸ። «እማዬ! ሄዷል፤ ነይ!» የሐምራዊት ድምፅ ይርገበገባል። «ተፈቀደ! ሁሉንም አሟልታችኋል አለ። ማክሰኞ ሠራተኞቹ ይመጣሉ!»

የትነበርሽ ስልኩን ዘጋችው። አሁን ሜትሮው ውስጥ ተቀመጠች። ተቆጣጣሪውም ቢመጣ ይምጣ። ባዶ መስኮቱን እያየች ዞልደሩን በሐሳቧ ታለብሰው ጀመር። እንደ አበባ ቤት ባይሆንም፣ ሲተነፍሱ የማያቃጥል አየር፤ ጧት የማይደነዝዝ ጣት። አንዲት ወንበር ይወጣላታል። ረሆቦትም ሙቀቱን እየሸሸች መምጣት ትታለች፤ ድሮ እላይ ወጥታ ጠጉሬን ካልሠራሽልኝ ትላት ነበር፣ እንደገና ትመጣለች። ይህን ሁሉ ለራሷ ፈቀደችለት። ስትወርድ ከሰፈሩ ሱቅ ያንኑ ውድ ኮክ ገዛች፤ ለአራቱም።

ቤት ስትደርስ ቀድማ መሰላሉን ወጣች። አቧራው መሐል የትልቅ ጫማ ዱካ ታትሟል፤ ሰውየው ከመሰላሉ ሁለት እርምጃ ገብቶ፣ ዞሮ፣ ወርዷል። ሸክላው ላይ ፀሐይዋ አሁንም ታርፋለች። ጣሪያውን በመዳፏ ነካችው፣ እንደ ምጣድ ነው። «ቻል ትንሽ» አለችው። «እስከ ማክሰኞ ነው።»

እራት ላይ ሐምራዊት አልተቀመጠችም። በቆመችበት፣ ሳህን እያቀበለች፣ ባለ ሥዕሉን ወረቀት እያሳየች፣ ሳትተነፍስ ታወራለች። የኋላ ግድግዳው ይሞላል፤ የረሆቦት ክፍል እርጥበት ይቀራል፤ ሳሎኑ ድርብ መስተዋት ይገባለታል። ጌሜንተው ሁሉንም ለሠራተኞቹ ራሱ ይከፍላል፤ እነሱ ሳንቲም አይነኩም። ፈቃደ ለሌሊት ሥራ ለብሶ ተቀምጧል። ሳህኑን ያያል እንጂ አይበላም። የትነበርሽ ይህን ያየችው ወዲያው ነው፤ አማቿ ምግብ ትቶ አያውቅም።

«ጣሪያውስ?» አለች።

«ጣሪያው…» ሐምራዊት ወረቀቱን ገለጠች። «የሚያነጥፉት ወለሉ ላይ ነው እማዬ። የዞልደሩ ወለል ላይ። ይኸውልሽ ይህን ያህል ውፍረት።» በሁለት መዳፏ መሐል የስንዝር ያህል ክፍተት አሳየች። «እላይ ሰው ከሌለና ማሞቂያ ከሌለ ጣሪያውን መንካት አያስፈልግም፣ አይፈቀድምም አለ። ቤቱን ብርድ ልብስ እንደ መደረብ ነው። በክረምት የእኛ ሙቀት ወደ ላይ አይወጣም። በበጋ ደግሞ የላዩ ትኩሳት ወደ ታች…»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ረሆቦት ኮክ ትገምጣለች። «ኦማ፣ አያቴ፣ የት ናት ታዲያ?» አለች፣ ወረቀቱ ላይ ባለው ቤት ሥዕል ጣቷን እያንፏቀቀች። «ከብርድ ልብሱ ቦቨን ናት? ከላዩ?»

ሐምራዊት ቧንቧውን ከፈተች፣ ዘጋችው። የትነበርሽ ነገሩ ቀስ ብሎ ገባት፤ ነገር ሲገባት ደግሞ እስከ ሥሩ ነው። በክረምት በሳንቃው ክፍተት እየሾለከ ሲደርሳት የኖረው ሙቀት እነዚህ ሰዎች ባከነ የሚሉት ነው። አሁን ሊያቆሙት ነው። በበጋ እላይ የሚጠመቀው ትኩሳት ወደ ማንም ሳይወርድ እዚያው ከእሷ ጋር ይቀራል።

«የልጅቷ ክፍል ነው ማለት አቅቷችሁ ነው?» አለች። ድምፅዋን አላነሣችም። «እዚያ ላይ ልጄ ትጫወታለች፣ ትተኛለች፣ ብትሉት ይገድለን ነበር?»

ፈቃደ ግንባሩን አሸ። «እትዬ… አላሰብነውም።»

«ሰውየው ሲጠይቀኝ ደነገጥኩ» አለች ሐምራዊት። «ጧት በስልክ ማንም የለም ብዬዋለሁ። አንዴ ማንም ካልኩ በኋላ ምን ልበል? ፈርመናል እማዬ። እንደገና ደውዬ ሰው አለ ብለው፣ ማነው ይለኛል። ሌላ ሰው ይልካሉ። ማነው ይሉኛል።»

«እላይ ሲወጣ ምን አለ?»

«ማን?»

«ሰውየው ነዋ።»

ሐምራዊት ወደ ባሏ አየች። የመለሰው እሱ ነው። «አቧራውን አየና ሳቀ። እዚህ ለዓመታት ሰው አልረገጠም አለ። ፎቶ አነሣው።»

የትነበርሽ ለአንድ አፍታ ኮራች። አዎን፣ ኮራች፤ ፈረንጁን አታላዋለችና። ኩራቱ ግን አልቆየም። ማሞቂያውን በገዛ እጇ አውርዳለች። ምስማሩን ነቅላለች። ያን ሁሉ አቧራ በእፍኟ ዘርታለች። ልጇ በአፏ ማንም የለም ብትል ምን ይገርማል፣ እሷ በእጇ አስመስክራ።

«እስኪጨርሱ ሶፋው ላይ ትተኛለሽ» አለች ሐምራዊት። «ከዚያም በኋላ ቢሆን… ሶፋው ላይ ልትሆኚ ትችያለሽ።»

ሶፋው ያለው ከመንገዱ ፊት ለፊት ነው፤ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ በትልቁ መስተዋት የሚያየው ሶፋ። የትነበርሽ አገጯን አነሣች። «እንግዳ ነኝ እንዴ፣ ሲነጋ ብርድ ልብሴን አጣጥፌ የምደብቅ? አልፈልግም። ተዪኝ።»

አልፈልግም የሚባለው እንዲለመን ነው። ይህን የማያውቅ ሐበሻ የለም። አንዴ አልፈልግም ትያለሽ፣ ሁለተኛ ሲሉሽ በሞቴ ተዉኝ ትያለሽ፣ በሦስተኛው በስመ አብ ብለው አስምለው ያስቀምጡሻል፤ አንቺም እያጉረመረምሽ ትቀመጫለሽ፣ ክብርሽም ተጠበቀ፣ መኝታሽም ተገኘ። የትነበርሽ ጠበቀች። ኮኳን አነሣችና ሳትገምጥ አስቀመጠችው። ሐምራዊት ሳህኖቹን ሰበሰበች። ከመጦሪያው ሽማግሌዎች ጋር ዘወትር የምትናገረው፣ እምቢታ እምቢታ የሆነበት ቋንቋ ይሁን፣ ድካሙ ይሁን፣ ወይም የምትፈልገውን መልስ አግኝታ ይሁን፣ «እሺ እንዳልሽ» አለች። ደግማ አላለችም።

ፈቃደ ወደ ሥራው ሄደ፤ በሩ ላይ «እትዬ፣ ደህና ይደሩ» አለ። ረሆቦት ፀሐይ ሳትጠልቅ ተኛች፤ የዚህ አገር የበጋ ምሽት እንዲያ ነው፣ ሕፃናት በብርሃን ይተኛሉ። ሐምራዊት ወረቀቱን አጣጥፋ ልታስቀምጥ ስትል እንደገና ዘረጋችው።

«የዞልደሩን መክደኛ ይቀይሩታል» አለች ቀና ሳትል። «ወፍራም መክደኛ። ሁልጊዜ መዘጋት አለበት አለ፤ ክፍት ከተተወ የተሠራው ሁሉ ከንቱ ነው።»

«ማታም?»

«ማታማ በተለይ።»

«ከላይ ሆነሽ ትዘጊዋለሽ?»

ሐምራዊት ሥዕሉን ወደ መብራቱ አስጠጋች። የመክደኛው መሳቢያ ቀለበት ከታች በኩል ነው። በዘንግ ተስቦ ይከፈታል፣ በዘንግ ተገፍቶ ይዘጋል፤ ከላይ በኩል እጀታ የለውም። ለምን ይኖረዋል? ዕቃ በር አይዘጋም። የትነበርሽ ሥዕሉን አየችው። ተነሥታ ደረጃውን ወጣች፣ ኮሪደሩን አቋርጣ መሰላሉን መውጣት ጀመረች። ፍራሿን ፈቃደ መልሶላት ነበር። ከላይ ደርሳ በቀዳዳው አፋፍ ተቀመጠችና ቁልቁል አየች። ልጇ ተከትላት መጥታ ከሥሩ ቆማለች፣ የቀን ልብሷን እንኳ አላወለቀችም፣ የራሷ መሐል ላይ ሽበት ወጥቷል። ከዚህ አይታት አታውቅም ነበር።

«እስቲ ዝጊው» አለች የትነበርሽ።

«እማዬ ተይ። አሁን የድሮው ነው ያለው፣ ክፍት ቢሆን ችግር የለም።»

«ማክሰኞ ለሚመጣ ነገር ዛሬ ብንለማመድ ምን አለበት? ዝጊው አልኩሽ።»

«ይሞቅሻል።»

«ይሙቀኝ። ዝጊው።»

ሙቀቱ በቀዳዳው ቁልቁል ወደ ኮሪደሩ ሲወርድ የሐምራዊት ፊት ላይ ይታያል፤ ዓይኗን አጠበበች፣ እጇን ዘርግታ የረሆቦትን በር ገፋ አደረገችው፣ ትኩሳቱ እንዳይገባባት። የትነበርሽ እግሯን ሰበሰበች። አሁንም ጠበቀች፤ አንዲት ቃል፣ እምቢ የምትል። ከታች መሰላሉ ሲታጠፍ ሰማች፣ ከዚያ ዘንጉ መክደኛውን ሲነካ።

«ከፈለግሽኝ ወለሉን ምቺ» አለች ሐምራዊት በሹክሹክታ።

መክደኛው ተነሥቶ ከክፈፉ ጋር ገጠመ። ድምፅ አልነበረውም። ልጅቷ እንዳትነቃ በጣም ተጠንቅቃ ነው የዘጋችው።